ሞተው የሚመለሱ ጀግኖች፣ ሞተው የቀሩ ጀግኖች

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1992 ሱፐርማን ሞተ። አሟሟቱም ታሞ፣ አልጋ ላይ ውሎ፣ የንስሐ አባት ተጠርቶለት አልነበረም። ዱምስዴይ ከሚባል አውሬ ጋር በከተማው መሐል ሲፋለም ቆይቶ በመጨረሻው ቡጢ ሁለቱም እኩል ተመታትተው ወደቁ። የሞቱን ታሪክ የያዘው መጽሔት በጥቁር ከረጢት ታሽጎ ለገበያ ቀረበ፤ በከረጢቱ ውስጥ ክንድ ላይ የሚታሰር የሐዘን ጨርቅ ሳይቀር ነበረበት። በየመደብሩ በር ላይ ሰዉ ለቅሶ ሊደርስ እንደሚገባ ተሰለፈ። በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ከረጢቱን እንኳ አልከፈቱትም፤ ታሽጎ ከቆየ ነገ ዋጋ ያወጣል ብለው ሣጥን ውስጥ ቀበሩት። ሁሉም እንደዚያ ስላሰበ ዛሬ ያ መጽሔት እንደ ልብ ይገኛል፤ ያሰቡትንም ዋጋ አላወጣም።

ሐዘኑም አልቆየም። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ በ1993 ሱፐርማን ፀጉሩን አሳድጎ ተመለሰ። እንዴት እንደ ተመለሰ በብዙ ገጽ ተተንትኗል፤ የሚያምን ይመን። እውነተኛው ምክንያት ግን አንድ መስመር አይሞላም፦ ሱፐርማን የኩባንያ ንብረት ነው፤ ኩባንያ ደግሞ የምትታለብ ላም አይቀብርም።

በዚያው በ1992፣ ሱፐርማን ከመሞቱ አራት ወር ያህል አስቀድሞ፣ ጁላይ 30 ቀን ጆ ሹስተር የሚባል የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፈ። ለእሱ ጥቁር ከረጢት አልታተመም፤ የተሰለፈም የለም። ሱፐርማንን መጀመሪያ በእጁ የሳለው እሱ ነበር። እዚህ ለምንኖረው ደግሞ የሚገርመን፣ ሹስተር የቶሮንቶ ልጅ መሆኑ ነው። በ1914 እዚሁ ተወለደ። ወላጆቹ ከአውሮፓ የተሰደዱ አይሁዳውያን ነበሩ። ልጅ ሳለ ቶሮንቶ ዴይሊ ስታር የተባለውን ጋዜጣ መንገድ ላይ ይሸጥ ነበር። ኋላ ቤተሰቡ ወደ ክሊቭላንድ ሄደና እዚያ ጄሪ ሲግል ከሚባል እንደሱው የስደተኛ ልጅ ጋር ገጠመ፤ አንዱ ጻፈ፣ አንዱ ሳለ። በ1938 አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 ላይ ሱፐርማን ወጣ። ክላርክ ኬንት መጀመሪያ ይሠራበት የነበረው ጋዜጣ ስሙ ዴይሊ ስታር ነው፤ ዴይሊ ፕላኔት የሆነው በኋላ ነው። ሹስተር ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ለዚሁ ለቶሮንቶ ስታር በሰጠው ቃል፣ የሱፐርማንን ከተማ ሲስል በዓይነ ኅሊናው የነበረችው ልጅ ሆኖ ያያት ቶሮንቶ እንደ ነበረች ተናግሯል።

ሁለቱ ወጣቶች የጀግናውን መብት የሸጡት በ130 ዶላር ነው። አልተሳሳትኩም፤ መቶ ሠላሳ ዶላር፣ ለዚያውም ለሁለት። ከብዙ ክስና ከብዙ ውርደት በኋላ፣ በ1975 ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ ተቆረጠላቸው፤ ስማቸውም መጽሔቱ ላይ እንዲመለስ ተፈቀደ። ያን ጊዜ የሹስተር ዓይን ደክሞ መሳል ከተወ ቆይቷል። ዛሬ በከተማችን ምዕራብ በኩል በስሙ የተጠራ መንገድ አለ። ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን ሳያልፉበት አልቀሩም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሰውዬ ስለ ልጆች ቀልድ መጽሔት ምን አስቀባጠረው እንዳትል። ሱፐርማን ማን እንደ ሆነ እስቲ ቀረብ ብለህ እየው። ሀገሩ የጠፋችበት፣ ወላጆቹ እሱን ብቻ ለማትረፍ ወደማያውቁት ዓለም የላኩት፣ ባዕድ ቤት ያደገ ልጅ ነው። እውነተኛ ስሙን ደብቆ ክላርክ ይባላል፤ አሠሪዎቹ እንዳይደነግጡ አንገቱን ደፍቶ፣ መነጽር አድርጎ ይሠራል። ከመካከላችን ለሥራ ማመልከቻ ሲል ስሙን ያላሳጠረ ማን ነው? የስደተኛ ልጅ ስደተኛ ጀግና ሳለ። ልጆቻችን ይህንን መጽሔት ሲወዱ የሚያዩትን ነገር አይተው ነው የሚወዱት።

ቶሮንቶ በዚህ አላበቃችም። በዲሴምበር 1940 የካናዳ መንግሥት ለጦርነቱ የውጭ ምንዛሪ ለመቆጠብ ሲል አስፈላጊ ያልሆኑ ዕቃዎች ከአሜሪካ እንዳይገቡ በሕግ ከለከለ። ከተከለከሉት ውስጥ የኮሚክ መጽሔቶች ነበሩ። ልጆች ሁሉ ተጠሙ። በዚያ ክፍተት ቶሮንቶና ቫንኩቨር ውስጥ የካናዳ የራሷ መጽሔቶች በቀሉ። ውስጣቸው ቀለም ስላልነበረው፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሰብሳቢዎች ዛሬ የካናዳ ነጮች እያሉ ይጠሯቸዋል። እዚሁ ከተማ የነበረው ቤል የተባለው አሳታሚ ዋው፣ ዳይም፣ ትራያምፍ፣ አክቲቭ፣ ኮማንዶ፣ ጆክ የሚባሉ መጽሔቶች ያወጣ ነበር። እያንዳንዱ መጽሔት መድብል ነው፤ አንድ ጀግና ብቻ አይዝም፣ በአንድ ጥራዝ ብዙ ጀግኖች በየተራ ይዋጉበታል። ኔልቫና የምትባለው የሰሜን ብርሃን ጀግና በኦገስት 1941 ስትወጣ፣ ከአሜሪካዪቱ ዎንደር ውማን በጥቂት ወራት ቀድማ ነበር።

ከሁሉ ልቤን የሚነካው ግን ጆኒ ካነክ ነው። በ1942 በዳይም መጽሔት ሲጀምር የፈጠረው ሊዮ ባክሊ ገና ጎረምሳ፣ የዳንፎርዝ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱ እስካሁን አለ፤ ግሪንውድ ጎዳና ላይ፣ እኛ ቡናችንን ከምናፈላበት፣ እንጀራ ተሸክመን ከምንወጣበት ከዳንፎርዝ ጥቂት ዝቅ ብሎ። ጆኒ ካነክ አይበርም። ጥይት አይመልስም። ከሌላ ዓለም የመጣ ኃይል የለውም። ቆራጥ ልብና ሁለት ክንድ ብቻ ይዞ ናዚዎችን ይገጥማል፤ ሂትለርን ራሱን ፊት ለፊት አግኝቶ ያዋረደበትም ጊዜ አለ። ፈጣሪው ጎረምሳ ነበርና ጎረምሳ የሚመኘውን ሁሉ አስደርጎታል።

ይሁን እንጂ የጆኒ ካነክን የመጨረሻ ውጊያ ማንም አልሳለውም። ጦርነቱ አበቃ፣ እገዳው ላላ፣ ባለ ቀለሞቹ የአሜሪካ መጽሔቶች ድንበሩን ጥሰው ገቡ፤ በ1946 እና በ1947 አካባቢ ጥቁርና ነጮቹ ጀግኖች አንድ በአንድ ከገበያ ጠፉ። ሂትለር ያልጣለውን ጀግና የቀለም ማተሚያ ጣለው። ቢሆንም ጨርሰው አልጠፉም፤ በ1995 የካናዳ ፖስታ ኔልቫናንና ጆኒ ካነክን ከሱፐርማን ጋር በቴምብር አወጣቸው። በ2014 ደግሞ ሁለት ወጣት ሴቶች ከአንባቢ ገንዘብ አዋጥተው የኔልቫናን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። ያ መጽሐፍ በኩባንያ ውሳኔ አልታተመም፤ ሰዎች ቀድመው ስለ ከፈሉ ታተመ። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ መጨረሻው ውጊያ እንምጣ። የአሜሪካ ኮሚክ ነጋዴዎች የደረሱበት ትልቁ የገበያ ብልሃት ይህ ነው፦ ጀግኖቹን ሁሉ በአንድ መድረክ ሰብስቦ፣ ዓለም ሊጠፋ ነው ብሎ፣ አንዳንዶቹን መግደል። በ1985 እና 86 በአሥራ ሁለት ክፍል የወጣው ክራይሲስ የተባለው ተከታታይ ሱፐርገርልንና ፍላሽን ገደለ፤ ሁለቱም በኋላ ተመልሰዋል። በ1996 የወጣው ኪንግደም ካም የሸመገለ ሱፐርማንን አምጥቶ ከአዲስ ትውልድ ጋር አፋጠጠ። እኔ ከሁሉ ይኼኛውን እወድደዋለሁ፤ ጀግና ሲሸመግል ማየት በዚያ ሠፈር ብርቅ ነውና። ሲኒማው ደግሞ በ2019 አይረን ማንን ገደለና ሕዝቡን አስለቀሰ፤ በ2024 ያው ተዋናይ ሌላ ጭምብል አጥልቆ፣ ለዚያውም ክፉ ሰው ሆኖ እንደሚመለስ ተነገረ። የመጨረሻ የሚባለው ውጊያ ሁሉ የሚቀጥለው መጽሔት ማስታወቂያ ነው።

ልጆቻችን የሞትን ትርጉም ከዚህ ነው የሚቀስሙት። ይህንን የምለው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። በዚህ ከተማ አንድ የቅዳሜ የአማርኛ ክፍል ውስጥ ተጋብዤ ለልጆቹ ስለ አፄ ቴዎድሮስ እንድነግራቸው ተጠይቄ ነበር። ነገርኳቸው። ልጆቹ አማርኛውን እየቆራረጡም ቢሆን ጸጥ ብለው ሰሙ። መቅደላ ላይ ደርሼ ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ወደቁ ስል፣ የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ እጁን አወጣ።

«እና መቼ ተመለሰ?» አለኝ።

አልተመለሱም አልኩት። ልጁ ተቀየመኝ። ግማሹን የደበቅኩበት መሰለው። «ሁለተኛውስ ክፍል?» አለ። ከአጠገቡ ያለችው ልጅ ደግሞ ነገሩ ገብቷት፣ «ያኔ እኮ በእውነት ነው የሞተው» ብላ ገሠጸችው። መምህርቷ «ሞቱ ይባላል እንጂ ሞተ አይባልም» ብላ አንቱታውን ልታርም ስትነሣ ነገሩ በዚያ ተበተነ።

የልጁ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። ደግሞም ሲያስቡት ያን ያህል የባዕድ ጥያቄ አይደለም። ቋራ የተወለዱት ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የመረጡት በዋዛ አልነበረም። ከብዙ መከራ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ በፍርድና በሰላም ይገዛል የሚል ትንቢት በፍካሬ ኢየሱስ ተጽፎ ሕዝቡ ይጠብቅ ነበር። እንግዲህ የሚመጣውን ጀግና መጠበቅ የኛም ነው። ልዩነቱ፣ የኛው መጣና ሞተ።

አሟሟታቸውን ከነዝርዝሩ ልናገረው፤ ለሠዓሊ የሚሆን ብዙ ነገር አለበትና። ጄኔራል ናፒየር ወደ 13,000 ወታደርና ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ ወደብ ተነሣ። ንጉሡ ደግሞ ጋፋት ላይ ፈረንጆቹ የቀለጡላቸውን፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሰው ትከሻና በሰው ክንድ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ አስጎተቱ፤ ገደል እየተቆረጠ፣ መንገድ እየተጠረገ። እኔ ሠዓሊ ብሆን መጀመሪያ የምስለው ያንን ነው፤ በገመድ የታሰረውን መድፍና ከፊቱ የሚጠርጉትን ባለ መጥረቢያዎች። ኤፕሪል 10 ቀን 1868 እሮጌ ሜዳ ላይ የንጉሡ ሠራዊት ቁልቁል ወረደ። እንግሊዞች ከኋላው የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃና የሚወነጨፍ ሮኬት ነበራቸው። ወደ ሰባት መቶ ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ከእንግሊዝ በኩል በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው። ውጊያ ይባል ይሆን? መጨረሻው ግን ያን ዕለት ተጻፈ። ንጉሡ የታሰሩትን ፈረንጆች ለቀቁ፤ ለፋሲካ መፈሰኪያ ላሞችና በጎች ላኩ፤ ናፒየር አልቀበልም አለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አብዛኛውን ወታደር አሰናብተው ጥቂት ታማኞች ብቻ ይዘው ቀሩ። የተኮሱበትም ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ በደግ ዘመን የላከችላቸው ስጦታ ነበር።

የአሜሪካኑ ሠዓሊ ይህንን ሁሉ ይስላል። የማይስለው ሌላ ነገር አለ፤ እኛም እንደ እሱ እንዳንዘልለው እፈራለሁ። ከእሮጌ ውጊያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ንጉሡ በቁጣ በርካታ እስረኞችን፣ የገዛ ሀገራቸውን ሰዎች፣ ከመቅደላ ገደል አስወርውረዋል። ፈረንጅ የፈጠረብን ወሬ አይደለም። ሐውልት የሚያሠሩ ሰዎች ይህቺን ገጽ ይቀዷታል፤ ንጉሡን የሚጠሉ ደግሞ ከዚህች ገጽ በቀር ሌላውን ሁሉ ይቀዳሉ። በስደት ፖለቲካችን ስንት ስብሰባ እንዲህ ባለ ቅደዳ እንደ ተበተነ አንባቢ ያውቃል። ለልጁ ሁለቱም ይሳሉለት፤ ገደሉም ሽጉጡም። ልጆች የሸመገለ ሱፐርማን ችለው አንብበዋል፤ የራሳቸውን ንጉሥ ከነኃጢአቱ ቢያዩ አይሰበሩም።

ለመሆኑ ንጉሡ አልተመለሱም ማለቴ ልክ ነው? በቁራጭ ተመልሰዋል። በ1965 ንግሥት ኤልሳቤጥ አዲስ አበባ ሲመጡ ቆባቸውንና ማኅተማቸውን ይዘው መጡ። በማርች 2019 ደግሞ ለንደን ያለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም፣ ከሬሳቸው ላይ ወታደሮች የሸለቱትን ፀጉር ለኢትዮጵያ መንግሥት አስረከበ። ከ151 ዓመት በኋላ አንድ ቁንጮ ፀጉር! ያ ልጅ እንደገና ቢጠይቀኝ ይህንን እነግረዋለሁ። ሱፐርማን ሲመለስ ፀጉሩን አሳድጎ መጣ፤ የኛው ንጉሥ ፀጉራቸው ብቻ መጣ።

በሥዕል ታሪክ መንገር ለኛ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ፒያሳ በየመደብሩ የሚሸጠውን የንግሥተ ሳባን ሸራ አስታውሱ፤ በአርባ አራት ትናንሽ ክፍል የተከፋፈለ፣ ከየሥዕሉ ሥር አንዳንድ መስመር አማርኛ የተጻፈበት። ኮሚክ ማለት ሌላ ምንድነው? ቱሪስት እየገዛ ስለ ወሰደው ነው የኛ የማይመስለን። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳማ ከዚያም ይቀድማል። ደጉ ሰው ፊቱ ሙሉ፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይን ብቻ። ማንበብ የማይችል ገበሬ በሩቁ አይቶ ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ይለያል። በነጭ ፈረስ የሚመጣው ቅዱስ ጊዮርጊስም ዘንዶ ገድሎ ልጃገረድ ሲያድን ያላየ ማነው?

የዓድዋ ሥዕል ደግሞ የመድብሎች ሁሉ መድብል ነው። በአንድ ሸራ ላይ ምኒልክ በጃንጥላቸው ሥር፣ ጣይቱ በፈረሳቸው ላይ፣ ራሶቹ በየምድባቸው፣ ባልቻ መድፉ ጋር፣ ከሁሉም በላይ በሰማይ ላይ ጊዮርጊስ ጦሩን እንደ ወረወረ። ቀኑ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በወሩ የጊዮርጊስ ዕለት ነበርና ሠዓሊ አላጋነነም። ፊታውራሪ ገበየሁ ያን ዕለት ወደቁ። ከመሄዳቸው በፊት፣ ፊት ለፊት ተመትቼ ብሞት ወደ ሀገሬ ውሰዱኝ፣ ከጀርባዬ ተመትቼ ከሆነ ግን እዚያው ጣሉኝ ብለዋል እየተባለ ይነገራል። ይህንን የሚመስል ሁለት ገጽ የአሜሪካ ጸሐፊ ቢያገኝ ምን ያህል እንደሚከፍልበት አስቡት። ለኛ በነፃ ነው፤ ባለ መብት ኩባንያ የለውም።

የጀመረ ሰውም አለ። በሥራት ደበበ የሚባል አዲስ አበባ አድጎ አሜሪካ የተማረ ወጣት ኢታን ኮሚክስ የተባለ ድርጅት አቁሞ በ2018 ጀምበር የተባለውን የኢትዮጵያ ልዕለ ጀግና በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት ልጅ ነው። ሳነበው ሳቅሁ፤ ከሌላ ፕላኔት ከመጣ ይልቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ክፍት የሥራ ቦታ የሚያነብ ጀግና ለኛ ይቀርበናል። ቀጥላ የመጣችው ሃዊ ደግሞ ባሕር ማዶ አድጋ ሀገሯን ልታይ የምትሄድ ወጣት ናት፤ የኛኑ ሴት ልጆች አስባችሁ አንብቧት። ነቀፌታ ካለኝ አንድ ነው፦ ሁለቱም ገና መጀመሪያቸው ላይ ናቸው። ኃይል እንዴት እንደሚገኝ ይነግሩናል። እኔ ደግሞ ኃይል ሲያልቅ ሰው ምን እንደሚያደርግ የሚነግር መድብል ያምረኛል።

ይዘቱን ካስጀመራችሁኝ አላቆምም። መቅደላ አንድ፤ የዓድዋው ገበየሁ ሁለት። ሦስተኛው ደጃዝማች ባልቻ፣ በዓድዋ ወጣት መድፈኛ የነበሩት፣ በ1936 ሸምግለው ጣልያንን እንደገና ገጥመው የሞቱት፤ አንድ ሰው በአርባ ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ለዚያው ጠላት ሲነሣ ያለ ልዕለ ኃይል ነው። አራተኛው አቡነ ጴጥሮስ፣ በጁላይ 1936 አዲስ አበባ ላይ በጥይት የተገደሉት። እሳቸው ጦር የላቸውም፤ የመጨረሻው ውጊያቸው እንቢ ማለት ነበር። ሎሬት ጸጋዬ ስለዚያች ሰዓት ተውኔት ጽፏል፤ ሐውልታቸውም በ2013 ለባቡር ሥራ ከቦታው ተነሥቶ በ2016 ተመልሷልና፣ እነሆ ከጀግኖቻችን በሙሉ አካል ሄዶ የተመለሰ አንድ አገኘን። ጴጥሮስን በጥቁርና ነጭ አሳትማቸዋለሁ፣ እንደ ጆኒ ካነክ። ቀለም አያስፈልጋቸውም።

ገንዘቡስ ትላላችሁ። ያዙልኝ ያልኳት ነጥብ ይህቺው ናት፦ ኔልቫናን ሰባ ዓመት ከተቀበረችበት ያወጣት ቀድሞ የከፈለ አንባቢ ነው። እኛ ለአንድ ሰርግ አዳራሽ የምናወጣው ገንዘብ አንድ መድብል ያሳትማል፤ ለሙሽሮቹም ዝምድና የሌለው ሁሉ እየተጠራ በልቶ ይሄዳል። ሠዓሊ ሞልቷል። ዳንፎርዝ ላይ ሬስቶራንት ግድግዳ የሚያስጌጡትን አስተውሉ፣ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት የጨረሱ አሉባቸው። አሳታሚም አይጠፋም። የሚጠፋው፣ ለልጁ የሠላሳ ዶላር ሸረሪት ሰው አሻንጉሊት ሲገዛ ቅር የማይለው፣ አማርኛ መጽሔት ሲባል ግን «በነፃ አይሰጥም እንዴ?» የሚለው ወላጅ ነው። በዚህ ጋዜጣ ያነበበውን እንኳ ከጎረቤት ተውሶ ያነበበ ይኖራል፤ አልቀየምም፣ ግን ልብ ይበል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ክፍል የሕፃን ነው። መቅደላ ስትወድቅ ልዑል ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እንግሊዞች ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋር ይዘውት ሲሄዱ እናቱ መንገድ ላይ ሞቱ፣ ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ በመርከብ ተጫነ። ቋንቋ የማያውቅ፣ ወላጆቹ የሞቱበት፣ ሀገሩ በእሳት ስትነድ ያየ፣ ባዕድ ቤት ያደገ ልጅ፤ ሹስተርና ሲግል ከፈጠሩት ታሪክ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም ስታዩ አትደነግጡም? ይህኛው ግን አልበረረም። በ1879 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሊድስ ከተማ በሳንባ በሽታ አረፈና በዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ያው ዓድዋ ሰማይ ላይ የምንስለው ጊዮርጊስ። አፅሙ ወደ ሀገሩ እንዲመለስ ቤተሰቡ ቢጠይቅም፣ የሌሎቹን ሙታን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ ቤተ መንግሥቱ በ2023 እንቢ አለ።

ስለዚህ መድብል ከአንድ ሠዓሊ ወዳጄ ጋር ብዙ ጊዜ ተጨዋውተናል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ምን ይሁን ተባብለን የጸሎት ቤቱን ግድግዳ ልንስል ተስማማን። እዚያ ንግሥት ቪክቶሪያ ለልጁ መታሰቢያ ያሠራችው የናስ ሰሌዳ አለ፤ የተቀረጸበትም ከማቴዎስ ወንጌል እንግዳ ስለ መቀበል የተነገረው ቃል ነው። ወዳጄ ጽሑፉን በአማርኛ ልተርጉመው ወይስ በእንግሊዝኛው እንዳለ ልሳለው ብሎ ጠየቀኝ። እንዳለ ሳለው አልኩት። ልጆቹ እንግሊዝኛ ያነባሉ።